ትሪተን የበላው የሁለት ወር ልፋቴ

የዶፓሚን ነርቭ ሴል ብቻውን ሲያድግ የሚገናኘው ጎረቤት ስለሌለው ክሩን አጥፎ በራሱ ላይ ሲናፕስ (ነርቭ ሴሎች መልእክት የሚቀባበሉበት መገናኛ) ይሠራል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንዳሳየው እንዲህ በሳህን ያደገ ሴል ዶፓሚን ብቻ ሳይሆን ግሉታሜት የተባለ ሌላ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካልም ይለቃል። እኔ የፈለግኩት የሲናፕሱን ተቀባይ ወገን ማየት ነበር፤ ሽፋኑ ወፍራም ነው ወይስ ስስ?

ማሳደጉ አላስቸገረኝም። ከአይጥ ግልገል መካከለኛ አንጎል የወጡትን ሴሎች ግሊያ (የነርቭ ሴል ደጋፊ ሴሎች) ላይ ዘርቼ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። እናቴ በስልክ "ምን እየሠራህ ነው?" ስትለኝ "ችግኝ እየጠበቅኩ" እላት ነበር።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዶፓሚን ሴሎቹን ለመለየት ዶፓሚን ለመሥራት የሚረዳውን ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም የሚይዝ አንቲቦዲ ያስፈልጋል፤ አንቲቦዲው እንዲገባ ደግሞ የሴሉ ሽፋን ይበሳል። የላቡ ፕሮቶኮል "ትሪተን ጨምር" ይላል፤ ትሪተን የሴል ሽፋን የሚያሟሟ ሳሙና መሰል ነገር ነው። ጨመርኩ። በብርሃን ማይክሮስኮፕ አንቲቦዲው የያዘበትን የሚያሳየው ቡናማ ቀለም ልብ ያሞቃል። በኦስሚየም ማቅለሙን፣ በሬዚን ማጠንከሩን፣ የ70 ናኖሜትር ቆረጣውን ሁሉ ጨርሼ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ሳስገባው ግን ያየሁት ብል የበላው ጋቢ ነው። ከ40 እስከ 50 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው፣ መልእክት አስተላላፊውን የሚይዙ ከረጢቶች መታየት የነበረባቸው ቦታ ላይ ቀዳዳ ብቻ!

የማሽኑ ኃላፊ "ፊክሴሽንህን አስተካክል" አሉኝ (ሴሉን በኬሚካል ባለበት ማጽናቱን ማለታቸው ነው)፤ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንት ጠብቄ ስመለስም ያው መልስ። እሺ ብዬ ጠንካራውን ማጽኛ ኬሚካል፣ ግሉታራልዴሃይድን፣ ጨመርኩ። አሁን ደግሞ አንቲቦዲው አልይዝ ብሎ ቡናማው ጠፋ። ከዚያ ቢላዋውን ጠረጠርኩ። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። መጨረሻ ላይ ትሪተን ያልነካውን አንድ ሳህን ሳይ ሽፋኑ ድንቅ ነበር። ይህን ሳህን የመጀመሪያው ቀን አለማዘጋጀቴ እስካሁን ያናድደኛል። ፕሮቶኮሉ የተጻፈው ለብርሃን ማይክሮስኮፕ መሆኑን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የአንቲቦዲው ሻጭ ወረቀትም ትሪተን ጨምሩ ይላል። አትጨምሩ! ያ ምክር ለብርሃን ማይክሮስኮፕና ለወፍራም የአንጎል ቁራጭ ነው፤ በሳህን ያደገ ሴል አንድ ድርብ ስለሆነ ጥልቀት የለውም። እኔ 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ (ለዘብ ያለው ማጽኛ) ላይ 0.1 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ብቻ አደረግኩ፤ ትርፍ ማጽኛውን በሚያስወግደው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ አጥቤ፣ ከትሪተን ለስለስ ያለውን ሽፋን ከፋች፣ ሳፖኒንን፣ ጥቂት ጨምሬ፣ አንቲቦዲውን ሁለት ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አቆየሁት። ጠንከር ያለው ግሉታራልዴሃይድ የሚመጣው ቀለሙ ከወጣ በኋላ ነው።

ቀለሙንም ቶሎ አቁሙት። ሴሉ ከራሱ ጋር ስለሚገናኝ ሰጪውም ተቀባዩም ወገን ቡናማ ይሆናል፤ ቡናማው ተቀባዩ ሽፋን ላይ ከተከመረ ስሱ ወፍራም መስሎ ይታያል። ካሉኝ ፎቶዎች ሁሉ የሚያምረው፣ 20 ናኖሜትር ገደማ የሆነው ክፍተት ጥርት ብሎ የወጣበት፣ በዚሁ ምክንያት ወፍራም ይሁን ስስ ልለው አልቻልኩም።