ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ፦ አልነሳም ያለውን የሣር ማጨጃዬን ስፈትሽ

ሦስት ወር ያህል ሸራ ለብሶ የቆመውን የሣር ማጨጃዬን ገልጬ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቼ፣ ፍሬኑን ረግጬ ቁልፉን ሳዞር የተሰማኝ የሞተር ድምፅ ሳይሆን ቆርቆሮ ላይ እንደሚንጠባጠብ ጠጠር የተከታተለ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ነበር። ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ ስለሆነ እንደ መኪና ሁሉ ባትሪና ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳ ሞተሪኖ አለው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማም ሰው ሁሉ የሚለውን እኔም አልኩ፦ ባትሪው ሞቷል። በማግሥቱ አዲስ ባትሪ ገዝቼ፣ አሮጌውን አውጥቼ፣ አዲሱን ገጥሜ ቁልፉን አዞርኩ። ያው «ቀጭ ቀጭ ቀጭ»። ሳይመረመር የተፈረደበት ባትሪ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያየኝ መሰለኝና ከዚያ በኋላ ሌላ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ማሽኑ በድምፁ ምን እያለኝ እንደሆነ ለመረዳት ወሰንኩ።

የማስነሻው መንገድ ሲታይ ውስብስብ አይደለም። ከባትሪው ኃይል በሁለት መንገድ ይወጣል፤ አንዱ በቀጭን ሽቦ በፊውዝ፣ በቁልፉና በደኅንነት ማብሪያዎቹ በኩል ዞሮ ሶሌኖይድ ወደሚባለው ትንሽ ዕቃ ይደርሳል፤ ሶሌኖይዱም በውስጡ ያለውን የመዳብ ሳህን ስቦ በወፍራሙ ገመድ የሚመጣውን ከባድ ኃይል ለሞተሪኖው ያስተላልፋል። ሞተሪኖው የተጠቀመበት ኃይል ደግሞ በሞተሩ ብረትና በሻንሲው (በማሽኑ የብረት አካል) በኩል፣ ማለትም መካኒኮች «ማሳ» በሚሉት የመመለሻ መንገድ፣ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ፖሎ (መግጠሚያ ጫፍ) ይመለሳል። ስለዚህ ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀጭኑ ሽቦ ወገን ነው። ተከታታይ ቀጭታ ከተሰማ ቀጭኑ ወገን ሥራውን ሠርቷል፣ ወፍራሙ ግን ኃይል አጥሮታል። አንድ ጊዜ ጠንከር ብሎ «ቀጭ» ካለና ዝም ካለ የሶሌኖይዱ ሳህን ተቃጥሏል፣ ሞተሪኖው ተበላሽቷል፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ደርቆ አልዞርም ብሏል። ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ የማስነሻው መሥመር ነፃ ነው፤ ጥያቄው ወደ ቤንዚንና ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥለው እሳት ይዞራል።

ፍጹም ዝምታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ የሚፈታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እነዚህ ማሽኖች የፍሬኑ ፔዳል ካልተረገጠ ወይም ምላጩን ወደ ሥራ የሚያስገባው ማንሻ ከተሳበ እንዳይነሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ በአንዳንዶቹም ወንበሩ ላይ ሰው ካልተቀመጠ ቁልፉ አይሠራም። አንድ ወዳጄ ማጨጃው «እንደ ድንጋይ ሆነብኝ» ብሎ ጠርቶኝ ሄጄ ስመለከት፣ ከትናንቱ ማጨድ በኋላ የምላጩን ማንሻ ሳይመልስ ወርዶ ነበር። ማንሻው ተመልሶ፣ ፔዳሉም እስከ መጨረሻው ተረግጦ ዝምታው ካልተሰበረ ፊውዙን ማየት ነው፤ በብዙዎቹ 15 ወይም 20 አምፔር የሆነና ከባትሪው አጠገብ የሚገኝ ነው። ከዚያ የደኅንነት ማብሪያዎቹን ሶኬቶች አንድ በአንድ መንቀል፣ ዝገትና የረገበ እግር ካለ ማጽዳትና መልሶ ማጥበቅ ይገባል። ማብሪያዎቹን በሽቦ አገናኝቶ ለዘለቄታው ማለፍ፣ ወይም የሶሌኖይዱን ሁለት ወፍራም ብሎኖች በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት ብልሃት መስሎ የሚያወሩት ሰዎች አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ማርሽ ውስጥ ያለ ማሽን በዚያ መንገድ ሲነሳ ከፊቱ የቆመውን ሰው ለማለፍ አይጠይቅም።

ወደ እኔው ቀጭታ ልመለስ። በመጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝንና ያላደረግሁትን፣ ማለትም ባትሪውን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) መለካትን፣ በመጨረሻ አደረግሁት። ሙሉ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጥቂት ሰዓታት አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ካሳየ ግማሹ ገደማ ተሟጧል፤ ከ12 በታች ከሆነ ሳይሞላ ስለሌላ ነገር መነጋገር አያስፈልግም። አዲሱ ባትሪ 12.7 ነበር፤ መሬት ላይ የተቀመጠው አሮጌው ደግሞ ለብዙ ጊዜ ሳይሞላ ቆይቶ እንኳ 12.5 ነበር። ይህን ሳይ ፊቴ ሞቀ። ነገር ግን ቆሞ የተለካ ቮልት ብቻውን አይበቃም፤ ጭነት ሲመጣበት ወዲያው የሚወድቅ ባትሪ ስላለ ቁልፉ በዞረበት ቅጽበት ከ9.6 ቮልት በታች መውረዱ ወይም አለመውረዱም መታየት አለበት። የእኔው ቀጭ ቀጭ እያለ ከ12 ብዙም አልራቀም። ባትሪው ለመስጠት ዝግጁ ነው፣ የሚቀበለው ግን የለም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ልኬት ለማንም ሰው እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የግምትን ዘመን ይዘጋል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ፖሎ ላይ (ገመዱ ላይ ሳይሆን ራሱ ፖሎው ላይ)፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ ቀለም የሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን እንዲያዞር አደረግሁ። ማሳው ጤነኛ ከሆነ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል የሚታየው ቮልት ከ0.2 ወይም ከ0.3 አይበልጥም። የእኔ ቴስተር ቁጥሮቹን ማንበብ እስኪያቅተኝ ድረስ እየዘለለ አንዴ 5፣ አንዴ 7 ያሳይ ነበር። ኃይሉ የሚጠፋው በመመለሻው መንገድ ላይ ነበር።

የማሳው ገመድ ከባትሪው ሥር ወርዶ ሻንሲው ላይ በአንድ ብሎን ይታሰራል። ብሎኑ በዓይን ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ጥብቅ ነው፣ ራሱም ያበራል። ቁልፉን ከማሽኑ ነቅዬ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድሜ ፈትቼ (ሲገጠም ደግሞ የመጨረሻው ኔጌቲቩ ነው)፣ ብሎኑን ሳወጣው ከገመዱ ቀለበት ሥር እንደ በርበሬ የደቀቀ ቡናማ ዝገት ረገፈ። በሦስት ወር ውስጥ የገባው እርጥበት በቀለበቱና በብረቱ መካከል ጎጆውን ሠርቷል። ቀለበቱን በሁለቱም ገጽ፣ ሻንሲውንም ብርማ መልኩ እስኪወጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፤ ብሎኑን አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ እርጥበት እንዳይመለስ በላዩ ስስ ግራሶ ቀባሁበት። የፖሎዎቹንም ነጭ ሽበት በውኃ በተበጠበጠ የመጋገሪያ ሶዳ አጠብኩ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ዞረ።

ዞረ እንጂ አልተነሳም። ለአሥር ሰከንድ ያህል አዙሬ፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል አንድ ደቂቃ አሳርፌ፣ እንደገና አዙሬ ምንም ሳይያዝ ሲቀር ሁለተኛ ጥፋት እንዳለ ተቀበልኩ። እዚህ ላይ በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚረጨው ካንዴላ ምስክር ነው። ነቅዬ ሳየው ደረቅ ነበር። ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ቢሆን ኖሮ ቤንዚን ይደርሳል፣ እሳት ግን የለም ወይም ደክሟል እል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ካንዴላውን ራሱን፣ ለካንዴላው የእሳቱን ኃይል የሚሰጠውን ቦቢናና ከሁሉ በፊት ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳትን ቀጭን የማጥፊያ ሽቦ እመረምር ነበር። ይህች ሽቦ ቁልፉ ሲዘጋ ቦቢናውን ከማሳ ጋር አገናኝታ ሞተሩን የምታጠፋ ናት፤ ልባሷ ተልጦ ብረት ከነካች ቁልፉ ተከፍቶም እሳት አይኖርም። አይጥ የሞተሩን የአየር መሸፈኛ ቤቷ ስታደርግ ይህችኑ ሽቦ መቆርጠም ትወዳለችና መሸፈኛውን አንስቶ ማየት አይከፋም።

የእኔው ግን ደረቅ ስለነበር መንገዱ ወደ ቤንዚኑ ነበር። በብዙ ማጨጃዎች ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር ሥር ቁልፉ ሲከፈት የቤንዚኑን ቀዳዳ የምትከፍት ትንሽ የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለች፤ ሞተሩን ሳላዞር ቁልፉን ብቻ ከፍቼ ጣቴን ሳስደግፍባት ስትመታ ተሰማችኝ፤ እርሷ ደኅና ናት። ፊልትሮው ውስጥም ቤንዚን ይታያል። ከዚያ በላይ ያለው ጥርጣሬ ሁሉ የቆመው ቤንዚን ላይ አረፈ። ቤንዚን ሲቆም ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ ይሆናል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ በዚያ ላይ ውኃ ይስባል፤ ለዚህም አንድ ወር እንኳ ሊበቃ ይችላል። ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የካርቡራቶሩን ጎድጓዳ ሳወርደው እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚጎመዝዝ ሽታ ወጣ፤ ታቹም ማር ቀለም ባለው ዝቃጭ ተለብጧል። ዋናው የቤንዚን ቀዳዳ ወደ ብርሃን ሲያዝ ማዶው አይታይም። በካርቡራቶር ማጽጃ ነክሬ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝኳት አንዲት የመዳብ ክር አለፍኩበት፤ በመርፌ መጎርጎር ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ አይመከርም። አሮጌውን ቤንዚን ከጋኑ ሙሉ በሙሉ አፍስሼ አዲስ ሞላሁ፤ ሾኩን (በማስነሻ ጊዜ አየር የሚቀንሰውን መዝጊያ) ስቤ ቁልፉን ሳዞር በሁለተኛው ዙር ያዘና ጥቂት ካሳለ በኋላ ተረጋጋ።

ከአንድ ጥፋት በስተቀር ሌሎቹን ሁሉ በራሴ ማሽን ላይ አይቻለሁ ማለት እችላለሁ፤ እርሱም ሞተሩ ግማሽ ዙር ዞሮ ግድግዳ እንደገጠመው የሚቆምበት ነው። ባትሪውና ማሳው ደኅና ሆነው ይህ ከታየ የቫልቮቹ (አየርና ጭስ የሚያሳልፉት የሞተሩ መዝጊያዎች) ክፍተት ከልክ በላይ ሰፍቶ፣ በማስነሻ ጊዜ ግፊቱን የሚያቀልለው ሥርዓት ሥራውን አቁሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት ክፍተቱን በማሽኑ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር ማመሳከር ይሻላል።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ ባትሪው ላይ ቴስተሩን ለመጨረሻ ጊዜ አስቀመጥኩ፤ 14.1 አሳየ፤ ቻርጁም ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ አጥፍቼ አዲሱን ባትሪ አወጣሁና አሮጌውን መልሼ ገጠምኩት። በመጀመሪያው ዙር አስነሳው። አሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በየወሩ ቻርጅ የማደርገው አዲሱ ነው።