ገመድ በክርን አይጠቀለልም

የመጀመሪያ ገመዴን ይዤ ቤት ስገባ እማዬ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። 60 ሜትር፣ ውፍረቱ 9.8 ሚሊሜትር፣ ብርቱካናማ፣ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ። ገመዱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ምነው፣ ደብረ ዳሞ ልትወጪ ነው?» አለችኝ። ትንሽ አሰብ አደረገችና ደግሞ «እዚያስ ቢሆን ሴት አይወጣም» ብላ ወደ ቴሌቪዥኗ ዞረች።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አለት መውጣት የጀመርኩት እንደ ብዙ ሰው ሰው ሠራሽ የመውጫ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያ ገመዱ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፣ ወገቤ ላይ ቋጥሬ መውጣት ብቻ ነው። ማን እንደሚያጥበው፣ መቼ እንደሚቀየር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ጣጣው የመጣው ወደ ውጪ መውጣት ስጀምር ነው። ካርደሮክ የሚባል ቦታ አለ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ዋሽንግተንን ከሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ከቤልትዌዩ፣ ብዙም አይርቅም። ገደሉ 20 ሜትር እንኳ አይሞላም። በጎን ባለው የእግር መንገድ ዞሬ አናቱ ላይ እወጣለሁ፣ ከዛፍ ጋር ማሰሪያዬን አስራለሁ፣ የገመዱን መሐል በካራቢነር (ተከፍቶ በሚዘጋ የብረት ቀለበት) አሳልፌ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ታች እለቃለሁ። እንግዲህ ገመዱ መሬት የሚደርሰው ሳይተበተብ ከሄደ ነው።

መጠቅለል ደግሞ ምን ጥበብ አለው ብዬ ነበር። እኛ ቤት የልብስ ማስጫ ገመድም ሆነ የመብራት ማራዘሚያ የሚጠቀለለው በአንድ መንገድ ነው፤ በአውራ ጣትና በክርን መካከል ዙር፣ ዙር፣ ዙር። የአለት መውጫ ገመዴንም እንደዚያው አደረግኩት። ከዚያ በፊት ደግሞ አዲሱን ገመድ ስከፍት የፋብሪካውን ማሰሪያ ቆርጬ ክምሩን ወለል ላይ ጣል አድርጌ ጫፉን መጎተት ነበር የጀመርኩት። ሁለቱም ስህተት ነው። ያኔ ማን ነግሮኝ።

ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። እኔ አዳራሽ ውስጥ ስፍጨረጨር እሳቸው ስንት ዓመት ውጪ ሲወጡ የኖሩ ናቸው፣ ከታች ሆነው ገመዴን የሚይዙልኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካርደሮክ ደረስን፣ ገመዱን ፈታሁት፣ አንዱን ጫፍ ሳብ ሳደርግ ቋጠሮ፣ ቋጠሮውን ስፈታ ሌላ ቋጠሮ፣ እሱን ስፈታ ጭራሽ የትኛው ጫፍ የት እንደገባ ጠፋኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከኋላችን የመጡት ልጆች አስረው፣ ወጥተው፣ ወርደው፣ ሳንድዊቻቸውን እየበሉ ያዩኛል። ጋሼ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ጨረሱና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ገመድ ነው ወይስ ውሉ የጠፋ ልቃቂት?» አሉኝ። ምን እላለሁ።

ተፈታ ሲባል ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ገመዱ እንደ ጸጉር ሽሩባ እየተጠማዘዘ ጋሼ ገመዱን የሚይዙበት መሣሪያ አፍ ላይ ይከማቻል። አንድ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥዬ ጠምዛዛውን እስኪያፍታቱ ጠበቅኩ። ከፍታው ያን ያህል አይደለም ግን ሆዴ አልወደደውም።

የሚገርመው ምክንያቱን ያስረዳችኝ እማዬ ናት፣ አለት በሕይወቷ ነክታ የማታውቀው። ያን ዕለት ማታ ሳሎን ውስጥ ገመዱን ዘርግቼ ስታገል መጣችና «በክርንሽ ነው የጠቀለልሽው?» አለች። አዎ አልኳት። «ታዲያ እያከረርሽው ነዋ!» አለችኝ። እማዬ በልጅነቷ ጥጥ የፈተለች ሴት ናት፣ እንዝርት ታውቃለች፣ ከመጠን በላይ የከረረ ፈትል ላላ ሲያደርጉት በራሱ ላይ እንደሚጠቀለል ከእኔ በተሻለ ታውቃለች። የልብስ ስፌት ሜትሯን አመጣች። መዳፏ ዙሪያ አራት ጊዜ ጠቀለለችው፣ ከእጇ አውልቃ ሁለቱን ጫፎች ሳብ ስታደርጋቸው ያ ጠፍጣፋ ሜትር አራት ቦታ ተጠማዝዞ ወጣ። ቀጥላ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያጠፈች ደረበችው። ስትስበው ልስልስ ብሎ፣ አንድም ጥምዝ ሳይኖረው ወጣ። አንድ ዙር አንድ ጥምዝ ማለት ነው። 60 ሜትሩን አንድ አንድ ሜትር እያደረግኩ በክርኔ ስዞር 60 ጥምዝ እየሰጠሁት ነበር፣ በየቅዳሜው። አዲሱን ገመድ ስከፍት የሠራሁትም ያው ነው። ከፋብሪካ በዙር ተጠቅልሎ የመጣን ገመድ እንደ ድውር እያሽከረከሩ ነው የሚፈቱት፣ መጎተት የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ የቢራቢሮውን አጠቃለል አሳዩኝ። ክንፍ ስለሚመስል ነው እንዲህ የሚባለው። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ እይዛለሁ፣ ወደ 3 ሜትር ያህል ለማሰሪያ እተዋለሁ። ከዚያ ድርቡን ገመድ እጄን ዘርግቼ እየለካሁ አንገቴ ላይ አደርጋለሁ፤ አንዱ እጥፋት በቀኝ ይንጠለጠላል፣ ቀጣዩ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ። ዙር የሚባል ነገር የለም፣ ማመላለስ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስለማጥፍ ግማሹ ሥራ ይቀርልኛል፣ መሐሉ ጋ ስደርስ አለቀ። አንገቴ ላይ ያለውን ሁሉ አንስቼ በአንድ እጄ መሐሉን ጨብጬ፣ የተውኩትን 3 ሜትር አናቱ ስር አራት አምስት ጊዜ ጠበቅ አድርጌ እጠመጥማለሁ፣ ከዚያ ከጫፎቹ ትንሽ እጥፍ አድርጌ ከጥምጥሙ በላይ ባለው ቀዳዳ አሳልፍና የቀሩትን ጫፎች በዚያ እጥፋት ውስጥ አስገብቼ እስባለሁ። የተረፉት ሁለት ጫፎች በትከሻዬ አልፈው፣ ጀርባዬ ላይ ባለው ገመድ ዞረው፣ ወገቤ ላይ ይታሰራሉ። እንደ አንቀልባ በሉት፣ ልጅ የሌለው አንቀልባ።

በመጀመሪያው ቀን ቆንጆ ነው የጠቀለልኩት ብዬ ስኮራ እጥፋቶቹን በጣም አስረዝሜያቸው ኖሮ ቁልቁለቱ ላይ አንዱ እግሬን ጠለፈኝ። አሁን ከጉልበቴ በታች አላወርዳቸውም። ሌላው፣ ተሎ ብዬ ጥምጥሙን ሁለት ብቻ ሳደርገው መኪና ጋ ሳልደርስ ተዘረገፈ። አራት ማለት አራት ነው።

ሲፈታም ሥርዓት አለው። የተጠቀለለውን ገመድ እንዳለ መወርወር የለም። ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ በእጄ እያሳለፍኩ ጨርቅ ላይ እከምረዋለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ይቺ ማሳለፍ ሁለት ጥቅም አላት፤ ቋጠሮ ካለ ይወጣል፣ ጣቶቼም ገመዱን ይፈትሹታል። ገመዱ ከናይለን የተሠራ ነው፤ ውስጡ አብዛኛውን ጉልበት የሚሸከሙ ክሮች አሉ፣ ውጪው እነሱን የሚጠብቅ የተጎነጎነ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ትንሽ ጸጉር ቢያወጣ አያስደነግጥም። ጣቴ ላይ ልል ያለ፣ ጠፍጣፋ የሆነ ወይም ሳጥፈው ክብ ሳይሠራ ስብር የሚል ቦታ ካገኘሁ ግን ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ነጭ ክር ከታየማ ወሬ የለም። ጨርቁ ድሮ የእማዬ የአልጋ ልብስ ነበር (ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ከወሰድኩ በኋላ)። የካርደሮክ ድንጋይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አለው፣ አሸዋውም አይጣል ነው፤ ገመድ ላይ ሰው ሲቆም ያ ሁሉ ሽፋኑን አልፎ ይገባና ከውስጥ ክሩን ይሞርደዋል። ጋሼ ገመድ የረገጠን ሰው የሚያዩት ጫማውን ሳያወልቅ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። ይሄን ሁሉ ተምሬ ገመዴን የማስቀምጠው የት መሰላችሁ? መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ። ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አራተኛ ፎቅ ተሸክሜ መውጣት ሰልችቶኝ። አንድ ሰሞን የመኪናዬን ባትሪ ቀየርኩ። አሮጌውን ለሻጩ ብመልስ ያስያዝኩትን ገንዘብ ስለሚመልሱልኝ ነገ እወስደዋለሁ፣ ነገ እወስደዋለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት እዚያው ከገመዱ ጎን ተቀመጠ። አንድ ቀን ስከፍተው ባትሪው በጎኑ ተጋድሟል፣ ምንጣፉ ርሷል፣ አንዱ የገመዱ ክንፍ እርጥቡ ላይ ነው።

ገመዱን አወጣሁት። ምንም የለውም። ቀለሙ እንዳለ፣ ሽፋኑ እንዳለ። ጠረግ አድርጌ ልቀጥል ነበር እኮ! ለማንኛውም ብዬ ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ባትሪ ነው ያልሽው?» አሉ፣ ዝም አሉ፣ «በቃ ቁረጪው» አሉኝ። ገመዱ ሲገዛ አብሮት የመጣውን፣ አንብቤው የማላውቀውን ወረቀት ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላዋል፣ ላይ ላዩን ምልክት ላይኖረው ይችላል፣ እንፋሎቱም አይታመንም። ነክቶታል ወይስ ሳይነካው አልፎታል የሚለውን ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሆኜ የምፈትሽበት መንገድ የለኝም። ከ200 ዶላር በላይ የወጣበት ነገር ነው፣ አንጀቴ አልቆርጥ ብሎ ሦስት ቀን አቆየሁት። በመጨረሻ አንድ አንድ ሜትር አድርጌ ቆራረጥኩት። እንዳለ ብጥለው ከቆሻሻ ላይ አንስቶ የሚወጣበት ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። እማዬ «የልብስ ማስጫ ይሆነኝ ነበር» አለች፣ አልሰጠኋትም።

ሁለተኛውን ገመድ ስገዛ እሷው ናት የረዳችኝ። እኔ ክምሩን በሁለት ክንዴ ዘርግቼ እያሽከረከርኩ ስይዝ እሷ ጫፉን እየሳበች ወለሉ ላይ ከመረችው፤ ልክ ክር ስናጠነጥን። 60 ሜትር ሙሉ አንድም ጥምዝ አልነበረውም። በፕላስተር ቁራጭ ላይ የገዛሁበትን ወርና ዓመት ጽፌ ጫፉ ላይ ለጠፍኩ፣ ምክንያቱም ባይነካም ቢቀመጥም ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙበት ነው የሚሉት አምራቾቹ፤ በየሳምንቱ የሚወጡበት ደግሞ አንድ ዓመትም ላይዘልቅ ይችላል።

ስለ ማጠብ አንድ ነገር ብቻ። ገመዱ እጄን ማጥቆር ሲጀምር ባኞ ውስጥ ለብ ባለ ውኃ፣ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ፣ በለስላሳ ሳሙና አጥበዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ባኞውን ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ፤ እኛ ቤት ባኞ የሚታጠበው በበረኪና ነው፣ በረኪና ደግሞ ለገመድ ከባትሪው ብዙ አይሻልም። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ጥላ ውስጥ ወለል ላይ ላላ ብሎ ይዘረጋል፣ ሁለት ሦስት ቀን። በእነዚያ ቀናት እኛ ቤት እንግዳ አይጠራም።

አሁን ገመዱ የሚያድረው ኮሪደሩ ላይ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ጨለማ፣ ደረቅ፣ ከማሞቂያው የራቀ። ቤት ሲሆን ቢራቢሮ አላደርገውም፣ ሰፊ ከረጢት ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ ላላ አድርጌ አፈሰዋለሁ፣ ሁለቱን ጫፎች ከላይ አስሬ እተዋለሁ። እማዬ አጠገቡ ጋቢዋን ታስቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት ከፍቼ ሳየው ጋቢው መሐል ለብል ብላ የሸጎጠቻት ናፍታሊን ገመዱ ላይ ተንከባላ አገኘኋት። እሷንም በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ሌላኛው ቁምሳጥን ወሰድኳት። ገና አልነገርኳትም።