ታጁራ በብስክሌት፦ ከፌሪዋ ወደ ኋላ የተቆጠረ ዕቅድ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ጅቡቲ ነው የምትሄደው?» አገሩስ እሱ ነው፤ ከተማው ግን ሌላ ነው። የምሄደው ታጁራ ነው። ጅቡቲ ከተማ የምገባው ከዚያ በኋላ፣ በባሕር፣ ብስክሌቴን ይዤ በፌሪ (በማሻገሪያ መርከብ) ነው።

ካርታውን ክፈቱ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከምሥራቅ ተነስቶ ወደ መሬቱ ጠልቆ ይገባል። ጅቡቲ ከተማ በደቡቡ ዳር ናት፣ ታጁራ በሰሜኑ። በውሃው ላይ ቀጥ ብሎ ቢለካ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአስፋልቱ ከዞራችሁ ግን ወደ 170 ይሆናል። መኪና ያለው ሰው ፌሪዋን የሚፈልጋት ይህን ዙር ለመሸሽ ነው። እኔ የምፈልገው ዙሩን ነው። ፌሪዋ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ትራንዚተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምገላብጠው «ጅቡቲ» የሚል ወረቀት ነው። ከተማችን ወደብ አላት፤ ችግሩ ደረቅ ወደብ መሆኑ ነው። ኮንቴይነር ይመጣል፣ ማህተም እንመታለን፣ ኮንቴይነር ይሄዳል። ቢሮአችን ካለነው ሰዎች ባሕር በዓይኑ ያየ የለም ማለት ይቻላል።

አባባ ግን አይቷል። የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፣ በ1990 ጦርነቱ መጥቶ መስመሩ እስኪዘጋ ድረስ። ለእሱ ባሕር ማለት አሰብ ነው፤ ሌላውን ባሕር ብሎም አይቆጥረው። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እዚያው ነበር። መንገዱ እኮ የኛ ነው። ጣሊያን ነው ከአሰብ ወደ ደሴ ያወጣው። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። አባባ ስሞቹን እንደ ውዳሴ ነው የሚደግማቸው። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ ዱአ ተደርጎ ነበር። ብዙ አልቆየም፣ ተዘጋ። እኔም ካርታውን ትንሽ ወደ ደቡብ ጎተት አደረግኩት።

ከአፋር ወደ ታጁራ የሚያስገባ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በኤሊዳር አድርጎ በልሆ ላይ ድንበር ይሻገራል፤ ከዚያ በዶራና በራንዳ በኩል ተራራውን ዞሮ ታጁራ ይወርዳል። ከበልሆ ታጁራ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጭር ነው። አዲስ ነው። የጭነት መኪና ይቀንሳል። የማውቃቸው ሹፌሮች በሙሉ «በዚህ ሂድ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ለሥራ ከሆነ። ግን በዚያ መንገድ ባሕሩን የምታየው ልክ ስትደርስ ነው። ከተራራ ወርደህ፣ ወደብ ገብተህ፣ አለቀ። ይሄን ያህል ደክሜ ባሕሩን በመጨረሻው ደቂቃ ልየው? አይሆንም።

ሁለተኛው ጋላፊ ላይ ይሻገራል። በዮቦኪ፣ በዲኪል አድርጎ ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚሄደው የተሳቢዎቹ መንገድ ነው። ከተማው ሊገባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ወደ ሰሜን የሚታጠፍ መገንጠያ አለ። ተሳቢው ሁሉ ወደ ወደቡ ቀጥ ይላል። የኔ መንገድ እዚያች መገንጠያ ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከዚያ እስከ ታጁራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። የባሕረ ሰላጤው ጓዳ ጉቤት፣ አሳል ሐይቅ፣ የሳጋሎ ዳርቻ፣ ሁሉም እዚህች ውስጥ ናቸው። የመረጥኩት ይህን ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ብዙ ሰው ጉዞ ሲያቅድ ከቤቱ ደጅ ይጀምራል። «ዛሬ ባቲ፣ ነገ ሚሌ» እያለ ወደፊት ይቆጥራል። ፌሪ ያለበት ጉዞ ግን እንዲያ አይሆንም። ፌሪዋ በየቀኑ አትነሳም፣ ባሕሩ ከተናወጠም ትቀራለች። ስለዚህ ቆጠራው ከእሷ ይጀምራል። የምትነሳበትን ቀን ያዝ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን እኩለ ቀን ላይ ታጁራ መድረስ አለብኝ፣ ቲኬት እንድይዝ፣ የብስክሌቱን ጉዳይ እንድጠይቅ። ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት የባሕሩ ዳር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጉቤት አካባቢ። እንዲህ እያልክ ወደ ኋላ ትመጣና ከኮምቦልቻ የምትነሳበት ቀን ራሱ ይወጣል። መሀል ላይ አንድ ባዶ ቀን አስገብቻለሁ። ለጎማ ትሁን ለሆድ፣ አላውቅም።

በጅቡቲ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ መሆኑንም አትርሱ። ዓርብ ደርሰህ ገንዘብ ልመንዝር ብትል ማንም አይሰማህም። ፍራንካቸው ደግሞ የሚገርም ነገር ነው። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ብር ለለመደ ሰው ያስቀናል።

ከደሴ ነው የምጀምረው፣ ከኮምቦልቻ አይደለም። ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ደሴ ወጥቼ፣ ከዚያ ቁልቁል። ልፋት የለውም፣ ግን አንድ ነገር አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሂደው ብዬ ነው። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ፔዳል መምታት ምን አስፈለገህ?» ይላሉ። ቁልቁለቱ ሚሌ ላይ ያልቃል፣ ወንድሞቼ። ሚሌ 500 ሜትር ላይ ነች። ከዚያ በኋላ ሜዳ፣ ሙቀትና ነፋስ ነው። ጉቤት ጋ ደግሞ መንገዱ ከውሃው ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ሹፌሮቹ በአንደኛ ማርሽ የሚወጡትን እኔ ወርጄ እገፋለሁ፤ ምንም አያሳፍርም።

ባቲን ሰኞ ነው የማልፈው። ሰኞ ገበያ ነው፤ ከደጋው የወረደውና ከቆላው የወጣው እዚያ ይገናኛል፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ አፍ ሲነገር ትሰማለህ። አርቆ ለሚሄድ ሰው ከዚያ የተሻለ ስንቅ መግዣ የለም። ቴምርና ዳቦ ቆሎ ከዚያ እይዛለሁ። እናቴ ጩኮ ካልያዝክ አለችኝ። እማዬ፣ ሰመራ ሳልደርስ ቅቤው ቀልጦ ልብሴን ይበላዋል አልኳት። በሶ ተስማማን።

ከሚሌ እስከ ዲኪል ብስክሌቱን መኪና ላይ እጭናለሁ። ይህን ስጽፍ የሚቆጡ ብስክሌተኞች እንዳሉ አውቃለሁ። ይቆጡ። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚያ አስፋልት ነው የሚያልፈው። ሁለት ተሳቢ ፊት ለፊት ሲተላለፍ ለብስክሌት የሚተርፍ ቦታ የለም። ነፋሱ ራሱ ከመንገድ ያወጣሃል። የጭነት ሰነድ የምሠራላቸው ሹፌሮች አሉ፤ አንዱ «አብሽር፣ ብስክሌቷን ከላይ እናስራታለን፣ አንተ ጋቢና ትገባለህ» ብሎኛል። በመንገድ ላይ የሚያሳዝነኝ ሰርዶን በመስኮት ማየቴ ብቻ ነው። በ1961 የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳት ከተማ ናት። አባባ ወጣት ሆኖ የድሮዎቹ ሹፌሮች እያወሩለት ነው ያደገው።

ውሃ። ስለ ውሃ ብዙ ጻፍክ አትበሉኝ። አባባ ዕቅዱን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «አንተ ልጅ፣ ውሃህ የት ነው ያለ?» አለኝ። ስለ ጎማም፣ ስለ ድንበርም፣ ስለ ገንዘብም አልጠየቀም። እሱ በኤሊዳር መስመር መኪና ሲበላሽባቸው የራዲያተሩን ውሃና የሚጠጣውን በተለያየ ጀሪካን ነበር የሚይዙት፣ የሚጠጣው ላይ ረዳት እንኳ እጁን አያሳርፍም። ለሰው በቀን 8 ሊትር ብዬ አስቤአለሁ። 8 ሊትር 8 ኪሎ ነው፤ የሁለት ቀን ከያዝክ 16። ይህ ከድንኳኑም ከልብሱም በላይ ይከብዳል። ስለዚህ የቀኑን ርቀት የሚወስነው እግሬ አይደለም፤ ቀጣዩ ውሃ ያለበት ቦታ ነው። ከዲኪል ሞልቼ ስወጣ እስከ መገንጠያው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፣ እዚያ አካባቢ መኪና ስለማይጠፋ ሰው አለ። ከመገንጠያው በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። ድንጋይና ጨው። ከጉቤት በፊት እንደገና መሙላት ግዴታ ነው።

ወቅቱ ጥር ነው፣ ረመዳን ሳይገባ። ጥር ላይ ጅቡቲ በአማካይ 25 ዲግሪ ነው፣ የኮምቦልቻ ሰው አይሞትበትም። ክረምቱ የማይሞከር ነው፤ ያኔ ከምዕራብ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ከ40 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጥርም ቢሆን የራሱ ክፋት አለው። በእነዚያ ወራት ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ ነው የሚነፍሰው። እኔ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው የምሄደው። ማለት ሙቀቱ ሲመች ነፋሱ ፊትህን ይመታሃል፣ ነፋሱ ከኋላህ ሲሆን ሙቀቱ ይገድልሃል። መፍትሔው የአባባ ነው፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስ፣ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ጥላ ፈልግ። ነፋሱም የሚበረታው ከረፋድ በኋላ ነው።

ብስክሌቷ አሮጌ ማውንቴን ናት፣ 26 ቁጥር ጎማ። 29 ቁጥር ጎማ ያላቸው የአዲስ አበባ ልጆች ሳቁብኝ። ሰመራ ላይ ጎሚስታ ጋ ገብታችሁ የ29 ከመነዳሪ ጠይቁና እንሳሳቅ። ቅዳጅ መለጠፍ እችላለሁ፣ ግን በዚያ ሙቀት ማስቲሹ ይለሰልስና ልጣፉ ይነሳል፤ ስለዚህ አዳዲስ ከመነዳሪ ነው የምይዘው። አሳል ወርጄ ስመለስ ሰንሰለቱን በጣፋጭ ውሃ አጥቤ ዘይት ካልቀባሁት ጨው ይበላዋል። አዎ፣ የመጠጥ ውሃ ለሰንሰለት። አባባ ይህን መስመር ሲያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

የባሕሩ ክፍል ይኸውና። መንገዱ ሁልጊዜ ውሃው ጠርዝ ላይ አይሄድም፤ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጉቤት የባሕረ ሰላጤው የመጨረሻ ጓዳ ነው። ከጉቤት ባሕርና ከአሳል ሐይቅ መሀል ያለው መሬት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ እሱም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። የባሕሩ ውሃ በስንጥቁ ሥር እያለፈ ሐይቁን ይመግበዋል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨዉ ይቀራል። ከባሕር አሥር እጥፍ ጨዋማ ነው። እዚያው መሀል አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፣ በጥቅምት 1971 መጨረሻ ፈንድቶ መሬቱን ከአንድ ሜትር በላይ ከፍቶታል። ከባቲ ወደ ሚሌ የምንወርደው ገደልም የዚሁ ስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ነው። እኛ ወሎዎች ከግድግዳው አናት ተቀምጠን ቡና እንጠጣለን፣ ወለሉ እዚያ ታች ይሰነጠቃል።

ከዚያ ሳጋሎ። ምንም የለም እዚያ፣ ታሪክ ብቻ። በ1881 አሺኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ተከታዮቹን ይዞ አበሻ አገር እገባለሁ ብሎ እዚህ ዳርቻ ሰፈረ። ፈረንሳዮች በየካቲት ከመርከብ በመድፍ ደበደቡትና መለሱት። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ሰውዬው ሊጎበኛቸው ነበር የሚመጣው እንግዲህ። እዚያ አንድ ሌሊት አድራለሁ፣ ከባሕሩ ራቅ ብዬ፣ ውሃው ሌሊት የት ድረስ እንደሚወጣ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ስለሆነ ጠይቄ።

ታጁራ ነጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት፤ ጁምዓ እዚያ ብውል ደስ ይለኛል። ድሮ ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ የሚነሳው ከዚህ ነበር። በ1878 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ፌሪዋ ብትዘገይ አላማርርም።

የመመለሻው መንገድ ገና ክርክር ላይ ነው። ከጅቡቲ ነጋድ ጣቢያ የአዲስ አበባው ባቡር አለ፣ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ወርዶ በአውቶቡስ ወደ ወሎ መምጣት ይቻላል። ብስክሌቷን ጎማዎቿን ፈትቼ በማዳበሪያ እጠቀልላታለሁ። አባባ ግን «በመጣህበት ተሳቢ ተመለስ፣ ቢያንስ ሹፌሩን ታውቀዋለህ» ነው የሚለው።

ጥር ላይ የሚመቸው፣ ፓስፖርት ያለው፣ ፍጥነት የማይወድ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። 29 ጎማ ያለው ከመነዳሪውን ራሱ ይያዝ።