የኋላውን ግድግዳ የበላው ሲሚንቶ

ማንችስተር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት፣ ተደርድረው የጋራ ግድግዳ ከሚጋሩት ቀይ የጡብ ቤቶች በአንዱ የደረሰ ነው። የኋላው ግድግዳ ስቲላታ (በጡቦቹ መጋጠሚያ ላይ የሚታየው መሙያ) በመበላቱ ሠራተኞች መጋጠሚያውን በግራይንደር ጠርገው፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ አቡክተው ሞሉት። ሲያዩት ያምራል። ሁለት የውርጭ ወራት ካለፉ በኋላ ግን የጡቦቹ ፊት እየተላጠ ጓሮው ላይ ረገፈ። ሲሚንቶው ሳይነካ ወጣ ብሎ ስለቀረ ግድግዳው ማሩ የወጣለት የማር እንጀራ መሰለ። ውስጥ ልስኑ አበጠ።

እርጥበት ሊመረምር የመጣው ሰው ችግሩ ከመሬት የሚወጣ ውሃ ነው ብሎ የግድግዳው ግርጌ ኬሚካል እንዲወጋ መከረ። ይህ ምክር ገንዘብ ከማስጨረስ አያልፍም ነበር። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ እዚህ የራሰው ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤት ነው። ለነገሩ የእነዚህ ቤቶች መሠረት ላይ ውሃ የማያሳልፍ ስስ የድንጋይ ንጣፍ አለ።

በዚያ አካባቢ ለመንገዱ ፊት የሚደረደረው ብዙ ጊዜ አክሪንግተን ከተባለ ከተማ የመጣ፣ ተጨምቆ የተሠራ ጠንካራ ጡብ ነው፤ መጋጠሚያውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ጓሮው በኩል ግን ርካሽና ለስላሳ ጡብ በኖራ ሞርታር (በኖራና በአሸዋ ቡኬት) ይገነባል። ግድግዳው 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድፍን ነው፣ መሐሉ ክፍተት የለውም። የገባው ዝናብ ተመልሶ የሚተነው በኖራው ነበር። ሲሚንቶ ሲዘጋበት በጡቡ ፊት መውጣት ጀመረ፤ እዚያው በረዶ ሲሆን ደግሞ በ9 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ፊቱን ገፈፈው።

ጥገናው ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ማውጣት ነው። ግራይንደር ከተፈቀደ በአግድሙ መጋጠሚያ መሐል ብቻ፤ በቁሙ ከገባ ዲስኩ ከላይና ከታች ያለውን ጡብ ይቆርጣል። 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከተቦረቦረ በኋላ አቧራው ይታጠባል። ጡቡ ካልራሰ ከሞርታሩ ውሃ መጦ ያደርቀዋል። ድብልቁ አንድ እጅ ባለ 3.5 ደረጃ፣ በውሃ የሚጠነክር የተፈጥሮ ኖራ (NHL 3.5) ለሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ነው። ጥፍር እምብዛም የማይሰረጉደው ሲሆን በደረቅ ብሩሽ ይመታል፤ ከዚያ በራሰ ጆንያ ይሸፈናል። ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ በታች ከወረደ ሥራው ይቆማል።

ፊቱ የረገፈ ጡብ ጀርባው ደህና ከሆነ ወጥቶ ይገለበጣል። አዲስ ጡብ አይገጥምም፦ የዛሬው ቁመት 65 ሚሊ ሜትር፣ የድሮው 73 ገደማ ነውና ከፈረሰ ቤት ይፈለጋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አሸንዳው ይታይ፤ እዚህ ቤት አሸንዳው በራሱ መጋጠሚያ ላይ ያንጠባጥብ ነበር፣ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።