መለያ ቁጥሩን ሳትይዙ ማመልከቻ አታስገቡ

በመጪው ዓመት የአየር ጠመንጃ (በባሩድ ፈንታ በታመቀ አየር ወይም ጋዝ የሚተኩሰውን) ከውጭ አገር ለማስመጣት ያሰባችሁ ሰዎች ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ገንዘብ አታንቀሳቅሱ። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ጠመንጃውን መምረጥ የንባብና የስሌት ጉዳይ ስለሆነ ደስ እያለኝ ጨረስኩት። የወረቀቱ መንገድ ግን ክረምቱን ሙሉ በልቶ ወደ በጋ ተሻገረ። ዛሬ የማስገቢያ ፈቃድ ማመልከቻዬ ሙሉ ሆኖ፣ የገቢ ቁጥር ተሰጥቶት ውሳኔ እየጠበቀ ነው። ጠመንጃው ገና አገር ውስጥ አልገባም፤ ፈቃዱ በእጄ ሳይኖር እንዲገባም አልፈልግም።

ተኩሱን የተማርኩት ጀርመን አገር ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ነው። እዚያ በየመንደሩ የተኳሾች ማኅበር አለ፤ አዛውንቱም ወጣቱም ማታ ማታ ተሰብስቦ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ወረቀት ይመታል። የወረቀቱ አሥር ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያላት ነጥብ ናት። ይህ የ10 ሜትር ተኩስ እ.ኤ.አ. ከ1984 የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ነው። እስትንፋስን መግዛት፣ ቃታን ሳይቸኩሉ መጫን፣ ከተኩሱ በኋላም ሳይንቀሳቀሱ መቆየት፤ ከዚህ የበለጠ አእምሮዬን ያሳረፈልኝ ነገር የለም። አዲስ አበባ ተመልሼ ይህን መተው አልሆነልኝም።

ምርጫውን በአጭሩ ላስቀምጠው። የብዙዎቹ ምኞት በከፍተኛ ግፊት አየር የሚሞላው ዓይነት ነው፤ የስዊድኑ ኤፍኤክስ፣ የቱርኩ ሃትሳን በየሰዉ የምኞት ዝርዝር ላይ አሉ። ጥሩ ጠመንጃዎች መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ሲሊንደራቸው 200 ባርና ከዚያ በላይ ግፊት ያለው አየር ይፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕረሰር ጎማ ለመንፋት የተሠራ ስለሆነ 10 ባር ገደማ ላይ ያበቃል፤ «ሰፈር ውስጥ አስሞላዋለሁ» የሚል ሰው ሐሳቡን ይተው። የእጅ ፓምፕ አለ፤ ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ፓምፑ በአንድ ምት የሚወስደው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። አውሮፓ ውስጥ ተለክቶ የተጻፈውን የምት ብዛት አትመኑ።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራውን ደግሞ ለዒላማ ተኩስ አልመክርም። የጋዙ ግፊት በሙቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ የነበረው በ10 ዲግሪ ወደ 45 ባር ይወርዳል። የኅዳርን ጠዋት ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

እኔ የመረጥኩት በሞላ (በብረት ስፕሪንግ) የሚሠራውን ነው። ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ በዙሪያችን ያለውን አየር ይጨምቃል፣ አየሩ ጥይቱን ይወረውራል። ሲሊንደር፣ ኮምፕረሰር፣ የሚሞላ ነገር የለውም። እዚህ ከፍታ ላይ የሚጨመቀው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ፋብሪካው ከጻፈው ያንሳል፤ ለ10 ሜትር ወረቀት ግን የሚያጎድለው ነገር የለም። የአፈሙዙ ስፋት 4.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። 5.5 የሚያማልላቸው ሰዎች አደን የሚያስቡ ናቸው፤ መሐል ከተማ የሚታደን ነገር የለም፣ የሰፈር ርግብ ላይ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ይህን ጠመንጃ ባይዝ እመርጣለሁ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ የጀርመኑ ቫይራውክ ፋብሪካ ኤችደብሊው 30 ኤስ ይበቃችኋል። ጥይት ሳይገባበት ባዶውን ቃታ አትሳቡ፤ ፒስተኑን የሚያቆምለት የአየር ትራስ ስለማይኖር ሞላውንም ጓርኒሲዮኑንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

መጀመሪያ ያደረግኩት አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ሄጄ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ገዝቼ ማንበብ ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሰው ስለነገራችሁ ብቻ «የአየር ጠመንጃ መጫወቻ ነው፣ ማንም አይጠይቅም» ወይም «በፍጹም አይቻልም» አትበሉ። ሁለቱንም ዓይነት ምክር ሰጥተውኛል፤ ሁለቱም መካሪዎች አዋጁን አላነበቡትም ነበር። እኔ የያዝኩት አቋም ቀላል ነው፤ ጠመንጃ የሚመስልና ጥይት የሚተፋ ነገር ወደ አገር ውስጥ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ በጽሑፍም ይመለስለት።

ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ የምጽፈው ሰዎች እንዳይጉላሉ እንጂ ቂም ለመወጣት አይደለም። በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ግልጽ ነበር፦ ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ዕቃው ለምን እንደሚፈለግ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ የሻጭ ፕሮፎርማ። ወንድሜ አሁንም የሚኖረው ጀርመን ስለሆነ ከአንድ ሱቅ ፕሮፎርማ ላከልኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ማመልከቻውን አስጽፌ፣ ሁሉንም አባዝቼ አስገባሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ አገላብጦ አየና «ሙሉ ነው፤ እንደውልልዎታለን» አለኝ።

አልተደወለም። ስመላለስ ቆይቼ ፋይሉ የደረሰው ባለሙያ ዘንድ ስገባ ገና ሳልቀመጥ «የመሣሪያው መለያ ቁጥር የለም» አለኝ። በር ላይ ባለው ዝርዝር እንዳልተጠቀሰ ነገርኩት። «ዝርዝሩ የቆየ ነው» አለ። የቆየ ዝርዝር በር ላይ ለጥፎ ሰውን በአዲሱ መመዘን ምን ዓይነት አሠራር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ስጽፈውም ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ሱቁን ጠየቀ። ሱቁ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው፤ አዲስ ጠመንጃ የሚታዘዘው ከፋብሪካ ነው፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ገዢ እንደሚደርስ የሚታወቀው ተከፍሎበት ዕቃው ሲመጣ ነው። ቁጥር ለማግኘት መክፈል አለብኝ፤ ለመክፈል ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ ለፈቃዱ ቁጥር ያስፈልገኛል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። ባለሙያው ደብዳቤውን ሳያነብ ወደ ኃላፊዋ መራኝ። ኃላፊዋ በትሕትና ተቀበሉኝ፤ የተናገሩት ነገር ግን ከሁሉም የከፋ ነበር።

«ወንድሜ፣ ለምን ራስዎን ያደክማሉ? ዕቃው ይምጣ። ከመጣ በኋላ ቁጥሩን ከላዩ ላይ ገልብጠው ያስገባሉ፤ እኛም እናየዋለን።»

«ይህን በጽሑፍ ይሰጡኛል?»

«ይህ በቃል የሚነገር ነው።»

ቆሜ አሰብኩ። ዕቃው መጥቶ ቢያዝ «ኃላፊዋ ይምጣ ብለውኝ ነው» ብዬ ለማን ላሳይ? ያን ቀን እርሳቸው በሌላ ወንበር ላይ ቢሆኑስ? አመስግኜ ወጣሁ፤ ምክራቸውንም አልተቀበልኩም። ለእናንተም የምለው ይኸው ነው፦ «ይምጣና እናየዋለን» የሚል ባለሥልጣን ቢያጋጥማችሁ በአክብሮት ስሙት፣ ዕቃውን ግን አታስመጡ። ዘመድ በሻንጣ ከልብስ ጋር እንዲያመጣላችሁም አትጠይቁ። ሲያዝ የሚቆመው እርሱ ነው፤ ወንድሜን ለእንዲህ ዓይነት ነገር አሳልፌ አልሰጥም።

ከዚያ ፋይሉ ጠፋ። መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ፎቅ ወደ ሌላው ሲዛወር መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ነበር፤ በስሜ ሲፈለግ «እንዲህ የሚባል አመልካች የለም» ይላል። ባለሙያው እንደ አዲስ እንዳመለክት ነገረኝ። አሻፈረኝ አልኩ። ያስገባሁት በፊርማ ነው፤ የጠፋው በእኔ እጅ አይደለም። መዝገብ ቤት ወርጄ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት አገኘሁ። ሌላው ሁሉ ወንበር ሳይለቅ ሲመልሰኝ እርሳቸው ተነሥተው የድሮውን የእጅ መዝገብ አወጡ። ቀኑን ነገርኳቸው፤ በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና አገኙት። ችግሩ የገባው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ መዝጋቢው የአያቴን ስም አስቀድሞ አስገብቶት ኖሯል። እኔ በራሴ ስም ስፈለግ ፋይሌ በአያቴ ስም ተቀምጧል።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ የገቢ ቁጥር ሳትይዝ ከዚህ መስኮት እንዳትሄድ» አሉኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ብቻ ነው። እማማ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬም በር ላይ ነበርኩ።

መፍትሔው የመጣው ከወንድሜ ነው። «አዲስ ጠመንጃ ቁጥር ከሌለው ያገለገለ እንፈልግ» አለኝ። እንዴት ቀድሞ እንዳልታሰበ! ያገለገለ ጠመንጃ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይኖራል። በድሮው ማኅበሬ ውስጥ አንድ አዛውንት ፋይንቨርክባው 300 ኤስ ሊሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ የነገሠ ጠመንጃ ነው፤ በሞላ ይሠራል፣ በጎን ባለው እጀታ ይወጠራል፣ ሲተኮስ አካሉ በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ትከሻችሁ ምቱን አይሰማውም። ወደ 5 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ለቆሞ ተኩስ ክብደቱ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ስለ እርሱ ስናገር ድምፄ የሚለወጥ መሆኑን ባለቤቴም ታዝባለች።

ከአዛውንቱ ጋር የተዋዋልነው እንዲህ ነው። ወንድሜ ቀብድ ይከፍላል፤ ፈቃዱ ካልተሰጠ ቀብዱ ይመለሳል፤ ጠመንጃው እስከዚያ ድረስ በማኅበሩ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ይቆያል። ጀርመን ውስጥ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል የማይበልጥና በአምስት ማዕዘን ውስጥ የኤፍ ምልክት ያለበት የአየር ጠመንጃ ዕድሜው 18 ለሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ስለሚሸጥ በዚያ በኩል ችግር አልነበረም። ቁጥሩ፣ ምልክቱና ሙሉ አካሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ተላከልኝ።

ይህን ሁሉ ከውሉ ጋር አባሪ አድርጌ አስገባሁ። ባለሙያው «ለምን አዲስ አይገዙም?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ከእርሱ አፍ መስማት ከባድ ነበር፤ ሆኖም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቁጥሩን አሳየሁት። ተቀበለ። የገቢ ቁጥሩን በቅጂዬ ላይ አስጽፌ፣ ማኅተሙን አስመትቼ፣ ስሜ በኮምፒውተሩ ላይ በትክክል መግባቱን በዓይኔ አይቼ ወጣሁ። እማማን ሰላም ሳልል አልሄድኩም።

እየጠበቅኩ ሳለ የቤቱን ሥራ ጀምሬያለሁ። የምኖረው አሮጌ የፒያሳ ግቢ ውስጥ ነው፤ በውስጥ በኩል ያለው መተላለፊያ 10 ሜትር ይሞላል። ጫፉ ላይ የብረት ሳጥን አቁሜ ከኋላው ወፍራም ጣውላ ደግፌበታለሁ፤ በዚያ በኩል በር የለም። ለጎረቤቶቼ አስቀድሜ ነግሬያለሁ፤ ዛሬ በከተማችን የተኩስ የሚመስል ድምፅ ሰምቶ የማይደነግጥ ሰው የለም፣ ሊደነግጡም አይገባም። ጥይቱ እርሳስ ስለሆነ ከተኩስ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መንካት በእኛ ቤት የተከለከለ ነው፤ ልጆቼ ከአሁኑ ያውቁታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መሥሪያ ቤቱ ጥይቱንና መለዋወጫውን «በኋላ በሌላ ማመልከቻ ያቅርቡ» ይላል። እኔ አልተስማማሁም። ጥይቱን በዓይነቱ፣ በስፋቱና በቆርቆሮ ብዛቱ፣ ትርፍ ሞላውንና ጓርኒሲዮኑን ጭምር በዚያው ማመልከቻ ዘርዝሬ አስገብቻለሁ። ባለሙያው ዝርዝሩን ከማመልከቻው ሊያወጣው ሞክሮ ነበር፤ በአባሪው ላይ እንዳለ እንዲቀር አድርጌዋለሁ። እናንተም መጀመሪያውኑ አስገቡት፤ ሁለተኛ ፋይል ከተከፈተ የመዝገቡ መንገድ ከመጀመሪያው ይጀምራል።