ከሴንትኦኤስ 7 ወደ ዴቢያን 12፦ እስካሁን የደረስኩበት

በመሥሪያ ቤታችን አምስት ሰርቨሮች አሉ፤ ሁሉም ሴንትኦኤስ 7 በሚባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ላይ ነበሩ። የእሱ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አበቃ። የሠራተኛው ደመወዝ የሚሰላበት ማሽን ያለ ደኅንነት አፕዴት ሲያድር እንቅልፍ ይነሳል።

ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይቆያል ሲባል በ2021 መጨረሻ መቋረጡን አልረሳሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስንት ዓመት ይጠገናል፣ የሚጠግነውስ ማነው የሚለውን ነው።

ልቤ ሴንትኦኤስን ለመተካት ወደተሠሩት ሮኪና አልማሊኑክስ ነበር። ትእዛዞቹን ለምጃቸዋለሁ፤ የ9ኛው እትም ድጋፍም እስከ 2032 ይዘልቃል። ግን ሮኪ 9ን አሮጌው ማሽን ላይ ልጭን ስል የዲስኩ ዝርዝር ባዶ ሆኖ መጣ። ገመድ ነቅዬ ሰካሁ፣ ዲስክ ቀያየርኩ፤ ግማሽ ቀን ሄደ። ለካ የእነዚህን ሁሉ መሠረት የሚሠራው ሬድ ሃት ኩባንያ ከ8ኛው እትም ጀምሮ ለአንዳንድ አሮጌ ሬይድ ካርዶች (ዲስኮችን አጣምረው ለሚያስተዳድሩ ካርዶች) ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አንስቷል፤ ሮኪም እሱኑ ይከተላል። አልማሊኑክስ ከ9.4 ወዲህ የተወሰኑትን መልሷልና አሮጌ ማሽን ያላችሁ እሱን ሳትሞክሩ እንዳታልፉ።

ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን 12 ዲስኩንም ኔትወርክ ካርዱንም ወዲያው አገኘ። ድሮ የካርዱን ፋየርምዌር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) በፍላሽ ለብቻ ማምጣት ግድ ነበር፤ ከ12 ጀምሮ መጫኛው ውስጥ አብሮ ይመጣል። ድጋፉ ከተጨማሪው ጊዜ ጋር አምስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። አጭር ነው፤ ሆኖም የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ አንድ ኩባንያ ተነስቶ ሊያቋርጠው አይችልም። ለእኔ ይህ ከአሥር ዓመት ተስፋ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የወረዱ ፓኬጆችን (የፕሮግራም ጥቅሎችን) አስቀምጦ ለሌሎች ማሽኖች የሚያካፍለው አፕት-ካቸር-ኤንጂ ነው። መስመራችን ቀን ቀን ስለሚጎተት አምስት ማሽን አንዱን ፓኬጅ አምስቴ ሲያወርድ ማየት ያማል። አሁን አንዱ ሰርቨር አውርዶ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ በ3142 ፖርት ከእሱ ይወስዳሉ። በእያንዳንዱ ማሽን የጨመርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛው ማሽን አፕዴቱን በሰከንዶች ሲጨርስ ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየሁት።

የሴንትኦኤሱን ፕሮግራም መጫኛ ዩምን ትቶ የዴቢያኑን አፕት መልመድ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ዌብ ሰርቨሩ አፓቼ ነው፤ ስሙም የፋይሎቹ አቀማመጥም ይለያል፣ የድሮውን ገልብጦ መለጠፍ አይሠራም።

ሦስቱ ተሻግረዋል። የደመወዙ ማሽን ገና ነው፤ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሼ ድምሩ ከዋናው ጋር እስኪገጥም አልነካውም።