«ስላፕስቲክ» የገባኝ አናጢ ቤት ነው

ለወጣት ተዋንያን ሥልጠና የሚሆን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ «ስላፕስቲክ» ላይ፣ በመውደቅና በመመታት የሚያስቀው የቀልድ ዓይነት ስም ላይ፣ ስደርስ ተገትሬ ቀረሁ። መጀመሪያ «የጥፊ ዱላ» ብዬ ጻፍኩ። የፖሊስ ጣቢያ ቃል መሰለኝና ሰረዝኩት። «አካላዊ ኮሜዲ»ም አለ፣ ግን ማን ይስቅበታል?

ሳጣራ ለካስ ቃሉ የቀልድ ስም ከመሆኑ በፊት የዕቃ ስም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን በተጀመረው የጭንብል ቴአትር፣ በኮሜዲያ ዴላርቴ፣ አርለኪኖ የሚባል ተንኮለኛ አሽከር አለ። እሱ የሚይዛት ዱላ ባታክዮ ትባላለች፤ መምታት ከሚለው የጣሊያንኛ ግስ የመጣ ስም ነው፣ የደወል ምላስም በዚሁ ይጠራል። እጀታቸው ጋ ብቻ የተያያዙ ሁለት ስስ ጣውላዎች ናቸው፤ ሰው ላይ ስታርፍ እርስ በርስ ይላተሙና ጯ! ይላሉ፣ ተመቺው ግን ብዙም አያመውም። እንግሊዝኛው ጥፊንና ዱላን አጋጥሞ ስም አወጣላት። ቆይቶ ስሙ ወደ ቀልዱ ዞረ። ቻርሊ ቻፕሊንና በስተር ኪተን ድምፅ በሌለው ፊልም ሲወድቁ ሲነሱ ዱላዋ የለችም፣ ስሟ ግን አለ።

እስቲ ልሥራት አልኩ። ሁለት ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በኮላ አጣበቅኩ። ሞኝነቴ! አንዱን ሠልጣኝ ጀርባው ላይ ቀስ አድርጌ ብመታው ድምፁ «ድብ» አለ። «ጋሼ፣ ይሄማ የእውነት ዱላ ነው» አለኝ ጀርባውን እያሸ።

የሰፈራችን አናጢ አገላብጦ አየና «መሃሉ ክፍት ካልሆነ በምኑ ይጮሃል?» አለኝ። ለያይቶ እጀታው ጋ ስስ እንጨት ሸጎጠበት፣ በሁለት ቡሎን አሰረው፣ ጫፉን ክፍት ተወው። ጭኑ ላይ ሲሞክረው ቤቱ ጮኸ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይቺ ናት» ብሎ ሳቀ። የቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይገባዋል፤ ለጆሮ ነው እንጂ ለቆዳ አይደለም።

ወደ ሥልጠናው ስመለስ ድምፁ ቢገኝም ሳቁ ግን አልመጣም፣ ምክንያቱም ሠልጣኙ ልጅ ዱላዋ ሳታርፍ ቀድሞ ይሸሻል። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምነው። በመጨረሻ «ድምፁን ጠብቅ፣ ከዚያ ድርቅ በል፣ ቀጥሎ ማን እንደመታህ ፈልግ» አልኩት። ጯ! አለ። ልጁ ደርቆ ቆመ፣ ዞሮ አጠገቡ ያለውን ምንም የማያውቅ ጓደኛውን አፈጠጠበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጽሑፉ ላይ ቀልዱን «ስላፕስቲክ» ብዬ ተውኩት፣ ዕቃዋን «ጯሂ ዱላ» አልኳት። ዱላዋን የአናጢው ልጅ ለቡሄ ብሎ ወሰዳት፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።